እንጦጦ ላይ አምስት ሆነን ፊልም ስንቀርፅ

ቅዳሜ የመመረቂያ አጭር ፊልማችንን እንጦጦ ላይ ቀረፅን፣ አምስት ልጆች፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ቡም ማይክ (በረጅም ዘንግ ላይ የሚያዘው)፣ በቃ። ገና በጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው የደረስነው ምክንያቱም እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ብዙም አይቆይም፣ ወደ ቀትር ሲሆን የተዋናይዋ አይን ስር ጥቁር ጥላ ይገባና ፊቷ ይጠፋል። ስለዚህ ክሎዝ አፖቹን፣ ማለትም ፊቷን ከቅርብ የሚያሳዩትን፣ መጀመሪያ ጨረስን፣ ከዛ ባህር ዛፍ ጥላ ስር ገብተን በነጭ ፎም ሰሌዳ ብርሃኑን ወደ ፊቷ መለስንላት።

ያስቸገረን ድምፁ ነው። ቦታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ንፋሱ አያርፍም፣ የማይኩን ፀጉራም ሽፋን ደግሞ ረስተነዋል! ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ወፍራም የሱፍ ካልሲውን አውልቆ ማይኩን አለበሰው፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ጉምጉምታው በጣም ቀነሰ።

መሀል ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት መጡና ቆም ብለው "ልጆቼ ልለፍ ወይስ ልጠብቅ?" አሉን። ያን ሁሉ ሸክም ይዘው! ኧረ ይለፉ እማማ ብለን ካሜራውን አቆምን፣ ደርሰን ትንሽ መንገድ ተሸከምንላቸው። ስንመለስ 30 ሰከንድ ሁላችንም ዝም ብለን የቦታውን ድምፅ ብቻ ቀዳን፣ ለኤዲቲንግ ነው፣ በንግግሮቹ መሀል ያለውን ክፍተት ለመሙላት፣ ቅጠሉና ከሩቅ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴ አብሮ ገብቷል፣ አላወጣውም።