«መቼ ነው የምትሄዱት?»

የአክስቴ ልጅ የቪዛ ቀጠሮ ከደረሰው ወዲህ በየማታው እየደወለ «ቡፌውን እንሽጠው ወይስ በካርጎ እንላከው?» ይለኛል። ጥያቄው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ የገባን ሰሞን የደረሰብንን አስታወሰኝ።

ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ ፍራሽና እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የመዘኑ ሻንጣዎች ብቻ ነበሩ። ሽሮውና በርበሬው ከወጣለት በኋላ ትልቁን ሻንጣ አጋድመን፣ እናቴ የጠለፈችውን ጨርቅ አልብሰን፣ ትሪ አስቀምጠንበት እንበላ ነበር። አንድ እሁድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጆቹ ጃኬት ይዛ መጣችና እንጀራ አቀረብንላት። ጨርቁ ሸርተት ሲል የአየር መንገዱ ወረቀት የተንጠለጠለበት እጀታ ብቅ አለ። ሴትዮዋ በፍጹም ቅንነት «መቼ ነው የምትሄዱት?» አለችን፤ ባለቤቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ይህችው ሴት አያት ቅድመ አያቶቿ ኖርዌያውያን ናቸውና፣ አዮዋ ውስጥ ዲኮራ በምትባል ከተማ ወዳለው የቬስተርሃይም ሙዚየም ወሰደችን። በ1825 እ.ኤ.አ. «ሬስቶራሲዮን» የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎችን ይዛ ከኖርዌይዋ ስታቫንገር ወደ ኒው ዮርክ ከተነሳች ወዲህ የተሰደዱት ቤተሰቦች ያመጧቸው የእንጨት ሣጥኖች እዚያ ተደርድረዋል፤ ብረት የታሰሩ፣ አበባ የተሳለባቸው፣ ፊታቸው ላይ የባለቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው። በሸራ መርከብ ለሚፈጀው ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጉዞ ስንቃቸውን የሚይዙት ራሳቸው ስለነበሩ ደረቅ ቂጣና የደረቀ ሥጋ ይጭኑበት ነበር (ድርቆሽና ቋንጣ ማለት አይደል?)። ሣጥኑ በመርከቡ ሆድ ውስጥ መቀመጫም ገበታም ነው፤ በግንድ ጎጆ ውስጥም ጠረጴዛ እስኪሠራ ድረስ የሚበላው በእሱ ላይ ነው።

ባልደረባዬ በኩራት «ከቅድመ አያቴ የቀረው እኔ ሳሎን ነው፤ ቡናዬን የማስቀምጠው እሱ ላይ ነው» አለችኝ። ቅድመ አያቷን «መቼ ነው የምትሄዱት?» ያላቸው ሰው ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ይሉኝታ ያዘኝ። እኛም ብንሆን ከሐሜት አንድንም፤ በዚያ ዓመት ለአገር ቤት የላክነው ፎቶግራፍ በሙሉ በጎረቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠን የተነሳነው ነበር።

ስለዚህ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የካርጎው ሒሳብ ከዋጋው ይበልጣልና ቡፌውን ሽጠው። ሻንጣህን ግን ጀርባው ጠንካራ የሆነውን ምረጥ፤ የጨርቅ ሻንጣ መሐሉ ስለሚሰረጉድ ወጡ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል። የአየር መንገዱን ወረቀትም በገባህበት ቀን ከእጀታው ላይ ቀደህ ጣለው።