ኮርዱን ከቅኝቱ ውስጥ መፈለግ

ትዝታን በኪቦርድ ስናጅብ እጃችን መጀመሪያ የሚሄድባቸው ኮርዶች፣ ማለትም አብረን የምንመታቸው ድምፆች፣ ይታወቃሉ። ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር። እኔም ለረጅም ጊዜ በእነዚህ ነው ያጀብኩት። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ዘፋኙም ቅር አይለውም። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኝ ነበር። ክራሩ ብቻውን ሲመታ የነበረው ስሜት፣ ኮርዱ ሲገባ ለምን ይሳሳል?

መልሱን ያገኘሁት ድምፆቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ነው። ከዶ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲም የለም። እስቲ ሶል ሜጀርን ፍቱት፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። ፋ ሜጀርንም ፍቱት፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ። ከአራቱ ኮርዶች ሁለቱ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ ይዘው ይገባሉ። በተለይ ሲ ጉልበቷ ከባድ ነው። ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለምትርቅ ወደ ዶ ለመግባት ትቸኩላለች። ትዝታ ደግሞ ችኮላ አይወድም።

ስለዚህ ኮርድ ለማብዛት ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት አምስቱ ድምፆች ራሳቸው ምን እንደሚሰጡኝ ነው። ከእነሱ የሚወጡት የተለመዱ ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ፋና ሶል ይመለሳል። ሀብቱ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ላ ማይነር ላይ ሶልን ስትጨምሩ ላ ማይነር ሰቨን ይሆናል። ዶ ሜጀር ላይ ሬን ስትጨምሩ አድ ናይን ይሆናል። ሶል ላይ ሲን ትታችሁ ዶን ስታስገቡ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሬ፣ ሰስ ፎር ይሆናል። ሜጀርም ማይነርም የማይባል፣ ክፍት ኮርድ ነው። ለእኔ ትዝታን እንደ ሰስ ኮርድ የሚስማማው የለም።

አሁን ኪቦርድ አጠገባችሁ ካለ ይሄን ሞክሩት። ቀኝ እጃችሁ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ይያዝና አይነቃነቅ። ግራ እጃችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ይምታ። መጀመሪያ ዶ። ቀጥሎ ላ። ቀጥሎ ፋ። ቀጥሎ ሬ። ቀኝ እጅ ምንም አልሠራም፤ ግን አራት የተለያዩ ኮርዶች ሰማችሁ። ዶ ሜጀር ነበር፣ ላ ማይነር ሰቨን ሆነ፣ ከዚያ ሰፊ የሆነ የፋ ሜጀር ናይን ቀለም መጣ፣ መጨረሻ ላይ ሬ ላይ የቆመ ሰስ። ሬ ላይ ትንሽ ቆዩና ቤዙን፣ ማለትም የግራ እጁን ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ወደ ሶል ውሰዱት፣ ቀኝ እጅም ሚን ወደ ሬ ብቻ ዝቅ ያድርግ። ከዚያ ወደ ዶ ተመለሱ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ከቅኝቱ ውጪ የሆነው ድምፅ አንድ ነው፤ ፋ። እሱም ቤዝ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ከዜማው ጋር አይጋፋም። ከዚህ የወጣልኝን ደንብ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። እንግዳ ድምፅ ከፈለግኩ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ አስገባለሁ፣ እሱንም ከዘፋኙ ድምፅ ራቅ አድርጌ ታች አስቀምጠዋለሁ።

ትዝታ ማይነር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ዶ ማይነር ይወጣል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ከላ ፍላት ስትነሱ ግን ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል ታገኛላችሁ፤ ሙሉ ሜጀር ሰቨን። ከላዩ ሬን ጣል ስታደርጉበት አምስቱም የቅኝቱ ድምፆች በአንድ ኮርድ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ ስሰማው እጄን ሳላነሳ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ነው የጠበቅኩት።

የዚህ ኮርድ ጥቅም ዘፋኙ ሶል ላይ ሲያርፍ ይታያል። ከሥሩ ዶ ማይነር ከሆነ ሶል አምስተኛ ድምፅ ነው፣ ረግቶ ይቀመጣል። ከሥሩ ላ ፍላት ሜጀር ሰቨን ከሆነ ግን ያው ሶል ሰባተኛ ይሆንና ያንገበግባል። ዘፋኙ ምንም አልቀየረም። ግጥሙ ላይ የመለየት ቃል ሲመጣ ይሄን ኮርድ ማስገባት እወዳለሁ፤ በየስንኙ ካስገባሁት ግን ኃይሉ ይሞታል። ደግሞ ዘፋኙ ላ ፍላትን ሲዘፍን ሶልን ከኮርዱ አወጣዋለሁ፣ አለበለዚያ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ።

ይሄን ሁሉ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምሩ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ባለአምስት ድምፅ ዜማ ሥር የጃዝን ኮርድ አስገብቶ የዜማውን ጠባይ አለማጥፋት። ሥራዎቻቸውን ስታዳምጡ ዜማውን ተዉትና ከሥር ያለውን ብቻ ተከተሉ። ከማንም አስተማሪ የማይተናነስ ትምህርት አለው።

ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች ስንሄድ፣ ባቲ ሜጀር ላይ ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ ሜጀር ሰቨን ራሱ ቅኝቱ ውስጥ ተቀምጧል። ባቲ ማይነርም እንዲሁ ማይነር ሰቨንን በእጃችሁ ይሰጣችኋል።

አምባሰል ግን አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህም እወደዋለሁ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ዶ ላይ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ልሥራ ብትሉ አይሆንም፤ ሚም ሚ ፍላትም የለም። የቤቱ ድምፅ ዶ ነው፣ ግን የራሱ ሙሉ ኮርድ የለውም። እኔ የማደርገው ቤዙን ዶ ላይ ማቆም ነው። ከላዩ ዶ፣ ፋ፣ ሶል እይዛለሁ፣ ከዚያ ቤዙ ሳይነቃነቅ ሬ ፍላት ሜጀር ሰቨንን አመጣበታለሁ፣ መልሼ ወደ ፋና ሶል። በቃ፣ ሁለት ቀለም። ዘፈኑን ዳር ያደርሱታል። አንቺ ሆዬ ላይ ኮርድ አላበዛም፤ ርቀቶቹ ኪቦርዱ ላይ ልክ ስለማይቀመጡ በነጠላ ድምፅ ማጀቡን እመርጣለሁ።

ከሰው ጋር ስትጫወቱ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ልምምድ ላይ ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ ቆም አሉና «ልጄ፣ አንተ ሁሉን ከሞላኸው እኔ የት ልግባ?» አሉኝ። ባለአምስት ድምፅ ኮርዴን በሁለት እጅ ዘርግቼው ነበር። ሦስተኛውን ድምፅ አወጣሁ፣ ቀኝ እጄን ወደ ሁለት ድምፅ ቀነስኩ፣ ማሲንቆው ባዶውን ቦታ ሞላው። የሚገርመው ኮርዱ አልደኸየም። የጎደለውን ድምፅ ማሲንቆው ራሱ እየዞረ ይመታው ነበር። አሁን ኮርድ ስመርጥ እነማን አብረውኝ እንዳሉ አያለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ እሞላለሁ፤ ማሲንቆና ሳክስፎን ካሉ ቤዝና ሁለት ድምፅ ይበቃኛል።

ችክችካ ላይም እንደዚሁ ኮርድ መቀያየር አላበዛም። ምቱ ፈጣን ነው፣ ሀብታም ኮርድ ደግሞ ለመሰማት ጊዜ ይፈልጋል። አንዱን ኮርድ ረዘም አድርጌ እይዝና ቤዙን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ።

ጊታር ላላችሁ ደግሞ ከኪቦርዱም የሚቀል ነገር አለ። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ከሥር ሁለተኛውን፣ ማለትም ሲን፣ የመጀመሪያው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የጣት ቤት) ላይ በአንድ ጣት ብትይዙት ዶ ይሆናል። ስድስቱንም ምቱ። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፤ ትዝታ ሜጀር ሙሉውን ነው። እዚያ ላይ ሆናችሁ ዜማውን አንጎራጉሩ፣ ከዚያ ቤዙን ብቻ ከላ ወደ ሚ እየቀያየራችሁ ስሙት።