ግሱ ይሮጣል፣ መስተዋድዱ ይወጣል፦ የእንግሊዝኛን ኃላፊ ጊዜ ከጋራዥ ሪፖርት እንዴት እንደተማርኩት

የእንግሊዝኛ ግስ እየሸመደድን ነው ያደግነው። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ኃላፊ ጊዜውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የሚያስቸግረው ከግሱ ቀጥላ የምትመጣው ትንሿ ቃል፣ መስተዋድዷ፣ ናት፦ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ኢንቱ፣ ኦፍ፣ አውት ኦፍ። እኛ «በ» ብለን የምንገላገለውን እንግሊዝኛው ለብዙ ቃል ያከፋፍለዋል። ይህ ነገር ለኔ የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሥራ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፤ የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙ ሐበሻ በዚህ ሥራ አልፏል። መኪና ሲጋጭ ወይም ዕቃ ሲጠፋ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ከላይ እስከ ታች ኃላፊ ጊዜ ነው። መኪናው ከየት መጣ፣ ወዴት ዞረ፣ ምን ጋ ቆመ። ወረቀቱን ደግሞ ኢንሹራንስ ያነበዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቃል ዋጋ አላት።

«ባክት ኢንቱ ዘ ዎል» ከተባለ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ገጭቷል። «ባክት ቱዋርድ ዘ ዎል» ከተባለ ወደ ግድግዳው አቅጣጫ ሄዷል እንጂ መንካቱ አልተነገረም። «ባክት አፕ ቱ ዘ ዎል» ደግሞ ግድግዳው አጠገብ ደርሶ ቆሟል ማለት ነው። ግሱ በሦስቱም ያው ነው። መግጨቱን የተናገረው «ኢንቱ» ነው። እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት።

በአማርኛ «ሮጦ ወጣ» እንላለን። ማሰሪያ አንቀጹ «ወጣ» ነው። «ሮጦ» ቦዝ አንቀጽ ሆኖ አወጣጡን ይነግረናል። እንግሊዝኛው «ሂ ራን አውት» ይላል። ሩጫው ማሰሪያ ሆነ፤ መውጣቱ ወደ ትንሿ ቃል ሄደ። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። ለኔ ትልቁ ቁልፍ ይኼ ነው። መስተዋድዱን እንደ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን እንደ ራሳችን «ገባ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ተሻገረ» አድርጌ ማንበብ ስጀምር ብዙ ነገር ቀለለኝ።

ይህን ነገር የቋንቋ ሊቃውንትም አጥንተውታል። አሜሪካዊው ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ቋንቋዎች የእንቅስቃሴን አቅጣጫ የት እንደሚያስቀምጡ አነጻጽሯል። ስፓኒሽ በግሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ከግሱ ውጭ ያወጣዋል። አማርኛችን በዚህ ከስፓኒሽ ጎን የሚቆም ነው።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። ባልደረቦቼ የጻፏቸውን ሪፖርቶች እያነበብኩ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለት ግስ ወደ አማርኛ መለስኩት። የእንግሊዝኛውን ግስ ቦዝ አንቀጽ፣ መስተዋድዱን ማሰሪያ አደረግሁት። «ሮልድ ዳውን ዘ ራምፕ»፦ ተንከባልሎ ራምፑን (ተዳፋቱን መተላለፊያ) ወረደ። «ድሮቭ አክሮስ ዘ ስትሪት»፦ ነድቶ መንገዱን ተሻገረ። «ዎክት ኢንቱ ዘ ኦፊስ»፦ በእግሩ መጥቶ ቢሮ ገባ። ከዚያ ተገላቢጦሹን። የታየውን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከሁለቱ ግሶች አቅጣጫ የሚናገረውን እመርጣለሁ፣ እሱን ወደ መስተዋድድ እለውጠዋለሁ።

ይህ የሚሠራው ከማሰሪያው በፊት የሚመጣው ግስ ራሱ እንቅስቃሴ ሲሆን ነው። «ልጁ እያለቀሰ ወጣ» የሚለውን «ክራይድ አውት» ብትሉት ሌላ ትርጉም ይመጣል፤ ጮኸ ማለት ነው። ማልቀስ ከቦታ ቦታ አያደርስም። እንዲህ ላለው «ሌፍት ክራይንግ» ይባላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ አቅጣጫን እንደኛ በሆዳቸው የያዙ የእንግሊዝኛ ግሶችም መኖራቸው ነው። «ኤንተርድ ዘ ሩም»፣ «ሪችት ዘ ጌት»፣ «ክሮስት ዘ ስትሪት»። እነዚህ መስተዋድድ አይፈልጉም። «ወደ ክፍሉ ገባ» ስለምንል ብቻ «ቱ» መጨመር የለበትም። ኤንተርና ዲሴንድ (መውረድ) በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጡ ናቸው፤ አመላቸውም ወደ ስፓኒሹ ያደላል። «አራይቭድ» ግን በዚህ አይታለፍም። ከተማ ወይም አገር ሲሆን «ኢን»፣ ጣቢያ ወይም በር ሲሆን «አት» ይከተለዋል።

«አት» አንድ የምወደው ሥራም አላት። «ኪክት ዘ ጌት» ካልን በሩ በእግር ተመትቷል። «ኪክት አት ዘ ጌት» ካልን ወደ በሩ ሰንዝሯል፤ አግኝቶት ሊሆን ይችላል፣ ስቶትም ሊሆን ይችላል። «ግራብድ ማይ አርም» ክንዴን ያዘኝ ነው። «ግራብድ አት ማይ አርም» ክንዴን ሊይዝ እጁን ሰደደ ነው። በፖሊስ ፊት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መስማቱ ላይ ደግሞ የአማርኛ ጆሯችን ይረዳናል። «ዎክ ቱ» እና «ዎክት ቱ» ቀስ ተብለው ሲነገሩ የሚለያዩት በ«ት» መጥበቅ ነው። እኛ ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ያደግን ሰዎች ነን። የገና በዓልንና «ገና አልመጣም» የምንለውን የሚለየው የ«ና» መጥበቅና መላላት ነው። ሰው በጥድፊያ ሲያወራ መጥበቁም ይጠፋል። ያኔ በአናባቢ የሚጀምሩትን መስተዋድዶች ብትከታተሉ ይሻላል። «ሉክት አት» ሲፈጥን «ሉክታት» ይሆናል፤ «ት»ዋ ወደ ፊት ተሻግራ ትሰማለች። ኃላፊ ጊዜ መሆኑ የሚያዘው በእሷ ነው።

በጣም የደከምኩበት ግን በመስተዋድድ የሚጀምረው ሐረግ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ መለየት ነበር። «ዘ ማን ሂት ዘ ካር ዊዝ ዘ ላደር» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ሰውየው በመሰላል መኪናውን መታው? ወይስ መሰላል የጫነውን መኪና መታው? አማርኛ ይህን ጥያቄ አያስነሳም፤ በ«በ» እና በ«የ» ይለየዋል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ «ዊዝ» ነው ያለው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ሰውየው በመሰላሉ ከሆነ የመታው «ዩዚንግ ኤ ላደር» ብዬ እጽፋለሁ። መኪናው ከሆነ የጫነው «ዘ ካር ዛት ዋዝ ካሪይንግ ኤ ላደር» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን አያከራክርም።

የዚህ ችግር ትልቁ ምሳሌ ቶማስ ቢቨር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ነው፦ «ዘ ሆርስ ሬስት ፓስት ዘ ባርን ፌል»። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው መጨረሻው ላይ ይደናቀፋሉ። «ፈረሱ በጎተራው አጠገብ ጋለበ» ብለው ሲጨርሱ «ወደቀ» የሚል ይመጣባቸዋል። ትክክለኛው ትርጉም «በጎተራው አጠገብ የተጋለበው ፈረስ ወደቀ» ነው። «ሬስት» ኃላፊ ጊዜም ይሆናል፣ «የተጋለበው» የሚለውንም ይሆናል፤ መልኩ አንድ ነው። እኛ «የተ» ስላለችን አንሳሳትም። ከዚያ ወዲህ በ«ኢዲ» ያለቀ ቃልና መስተዋድድ ተከታትለው ሳይ ፍርዴን አልሰጥም። ሌላ ግስ ከኋላ መኖር አለመኖሩን አይቼ ነው የምወስነው።

ጊዜን በሚመለከት ግን አማርኛና እንግሊዝኛ ይቀራረባሉ። «ፊክስት ዘ ጌት ኢን አን አወር»፦ በሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠገነው፤ አልቋል። «ዎርክት ኦን ዘ ጌት ፎር አን አወር»፦ ለአንድ ሰዓት በሩን ሲሠራ ቆየ፤ ይለቅ አይለቅ አልተነገረም። «በ... ውስጥ» እና «ለ» ያንኑ ሥራ ይሠሩልናል።

አሁን አዲስ የሚገባ ልጅ ሪፖርት ይዞ ሲመጣ እንግሊዝኛውን አስቀምጥና በአማርኛ ንገረኝ እለዋለሁ። «መኪናው ተንሸራቶ ከራምፑ ወረደና ምሰሶውን ገጨ» ይለኛል። «ወረደ»ን «ዳውን»፣ «ገጨ»ን «ኢንቱ» እናደርጋቸዋለን። «ስሊድ ዳውን ዘ ራምፕ ኢንቱ ዘ ፒላር» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል።