የመቶ አለቃው መቶ ሰው የለውም

የሮማን ሠራዊት ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዴት እንዳስተማርኩ ልንገራችሁ። አብዛኛው ጥሩ ሄዷል። አንዷ ነገር ግን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

የተሰጠኝ ዕቅድ መጀመሪያ የኅብረተሰቡን መደቦች፣ ሠራዊቱን ደግሞ በመጨረሻ አስተምር ይላል። አትስሙት። በሪፐብሊኩ ዘመን፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥታቱ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሁለቱ አንድ ነገር ነበሩ። ወታደር ጋሻና ጦሩን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ሀብቱ ተቆጥሮ ይመደባል፤ በምድቡ ይዘምታል፣ በምድቡ ድምፅ ይሰጣል። ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ 193 ምድቦች ነበሩት። በቀድሞው አሠራር 18ቱ የፈረሰኞች፣ 80ዎቹ የአንደኛ ደረጃ ሀብታሞች ናቸው። እነዚህ 98ቱ ከተስማሙ ጉዳዩ አለቀ፤ ድሃው ተራው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ንብረት የሌለው ሁሉ የታጎረው በአንድ ምድብ ነው። የክፍል አለቃ በዚህ መንገድ አስመረጥኳቸው። ከኋላ የተቀመጡት ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ107 የጦር አዛዡ ማሪየስ ንብረት የሌላቸውንም መለመለ። ወታደሩም ቀስ በቀስ ከሮማ ይልቅ መሬት ወደሚያሰጠው አዛዥ ዞረ። ይህንን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረስነው።

ከዚያ የሮማ ሠራዊት ዋና ክፍል የሆነው ሌጌዎን ላይ ደረስን። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን አደረጃጀት በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ 8 ሰው በአንድ ድንኳን፣ 10 ድንኳን በአንድ የመቶ አለቃ ሥር፣ 6 የመቶ አለቃ በአንድ ጭፍራ፣ 10 ጭፍራ በአንድ ሌጌዎን። ተማሪዎቼ 72 ናቸው። ሜዳ ላይ ስምንት ስምንት አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ 9 ድንኳን ሆኑ። «አንድ ድንኳን ብቻ ጎደለን!» ብዬ አጨበጨብኩ። ያኔ እንኳን አልነቃሁም።

ፈተና ደረሰ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ «አንድ የመቶ አለቃ ስንት ወታደር ያዛል?» መልሱ ላይ 100 ብዬ ቁልፉን አስረከብኩ። ምን አስቤ ነው? አላሰብኩማ! አጎቴ መቶ አለቃ ነበር። ቆርኔሌዎስም በመጽሐፍ ቅዱሳችን የመቶ አለቃ ነው። ስሙ እየተናገረ ምን እቆጥራለሁ?

ወረቀት በተመለሰ ቀን አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። 80 ብላ መልሳ ኤክስ አድርጌባታለሁ።

«ቲቸር፣ 8 በ10 ሲባዛ ስንት ነው?»

«የመቶ አለቃ እየተባለ 80 ይሆናል እንዴ?» አልኳት፤ ክፍሉ ሳቀባት። ይኼ ሳቅ ነው የማይለቀኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ልጅቷ ልክ ናት። በዚያ ዘመን የመቶ አለቃ የሚያዘው 80 ሰው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የሪፐብሊኩ ሠራዊት ደግሞ 60 ነው፤ ከኋላ የሚሰለፉት አንጋፋዎች ጋ ጭራሽ 30። «መቶ» ከጥንት የቀረ ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጭፍራ ደግሞ ለብቻው ነው፤ እጥፍ ሰው ያላቸው 5 ቡድኖች ስለነበሩት በሌጌዎኑ የመቶ አለቆቹ 60 ሳይሆኑ 59 ይሆናሉ። ሻለቃ የምንለውም ሺህ ሰው የለውም። በአንድ ሌጌዎን 6 ነበሩ፤ አንዱ ከሴናተሮች ወገን፣ አምስቱ ከፈረሰኞች መደብ። ሹመቱ በትውልድና በሀብት የመጣ ነው።

በማግስቱ ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። «ቁልፉ ላይ 100 ነው» አለኝ። ቁልፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። «ሮስተር ተዘግቷል። ደግሞ ስሙ ራሱ መቶ አይደል?» የኔኑ ቃል መለሰልኝ! ለሦስት ቀን ተመላለስኩ። አንዱ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንዱ ቀን ጸሐፊዋ የለችም። በሦስተኛው ቀን «ለአንድ ማርክ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» አለኝ። አዎ፣ ለአንድ ማርክ ነው። ልጅቷ በግማሽ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጥታለች።

ይህን የምታስተምሩ ካላችሁ፣ «ሌጌዎን 6,000 ሰው ነው» ብላችሁ አታስሸምድዱ። ከድንኳኑ ጀምራችሁ አስባዟቸው። 9 ጭፍራ በ480፣ የመጀመሪያው 800፣ 120 ፈረሰኛ፤ ከ5,240 ፈቅ አይልም። ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁትን ራሳችሁ ደምሩ።

እኔ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ወረቀቷን ተቀብዬ ኤክሱን ሰርዤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግኩላት። ትንሽ አየችውና «ቲቸር፣ ካርዱ ላይስ?» አለችኝ።