ዘጠነኛው መቅሰፍት ላይ ቀጥ አለ

በፈረንጆቹ 2020፣ ያው በኮሮናው ጊዜ፣ በአይሁድ ፋሲካ እስራኤል ውስጥ ከከተማ ከተማ መሄድ ተከልክሎ ነበር። የሴደር ማታማ፣ ማለትም ቤተሰብ ለፋሲካ ማዕድ በሚቀመጥበት ምሽት፣ ከደጅ መውጣትም አይቻልም። እማዬ ቂርያት መላኪ፣ እኔ ነታንያ፣ ታናሽ ወንድሜ ሃይፋ፣ አጎቴ ደግሞ ጎንደር። እኔ ብድግ ብዬ "ምን ችግር አለው? በቪዲዮ እናከብራለን!" አልኩ። የእማዬን ስልክ አንድ ጊዜ አጥፍቼ ስላበራሁላት ቤተሰቡ ውስጥ የኮምፒውተር ሊቅ ተብዬ ነው የምኖረው።

ፀሐይ ከጠለቀች በዓሉ ገባ፤ እማዬ ስልክ አትነካም። ስለዚህ ሳይመሽ ከሃጋዳው፣ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ካለበት የማዕዱ መጽሐፍ፣ ዋና ዋናውን አብረን እናነባለን፣ ሲመሽ ሁሉም በየቤቱ ከ"ሀ" ይጀምራል። ነፃው መተግበሪያ 40 ደቂቃ ብቻ እንደሚሰጥ አውቅ ነበር። ይበቃናል ብዬ አልከፈልኩም። የረሳሁት ሀበሻ መሆናችንን ነው። አጎቴ እያንዳንዳችንን በስም እየጠራ "ደህና ነህ? ልጆቹስ? ጉልበትህስ?" ሲል 12 ደቂቃ በላ።

እማዬ ደግሞ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። የምናየው የወርቅ ጉትቻዋን ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ከጆሮሽ ላይ አንሺው!"

"ታዲያ በምኔ ልስማ?"

የወንድሜ ልጅ "ማ ኒሽታና"ን፣ ልጆች በማዕዱ ላይ የሚጠይቁትን መዝሙር፣ ዘፈነች። አራቱንም ጥያቄ፣ ድምፁን ዘግታ። እኛም ከንፈሯን እያየን አጨበጨብን። አባቷ ሲነግራት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

እኔ በዚህ መሀል ራሴን እያዞረኝ ነው። የበኩር ልጅ የፋሲካ ዋዜማ ይጾማል። ሌላ ጊዜ ጠዋት ምኩራብ ሄጄ የሃይማኖት ትምህርት ማጠናቀቂያ ግብዣ ላይ ቀምሼ ጾሙን እገላገለው ነበር፤ ዘንድሮ ምኩራቡም ተዘግቷል። እና ግብፅን የመቱት አሥሩ መቅሰፍቶች ጋ ስንደርስ ማጣደፍ ጀመርኩ። በየስሙ ጣት ወይን ውስጥ ይነከርና አንዳንድ ጠብታ ሳህን ላይ ይወርዳል።

"ደም! ጓጉንቸር! ቅማል!"

ልጄ ጣቱን እየላሰ ተከተለኝ።

"አንበጣ!"

"እሱስ ዘንድሮ እኛም አገር ገብቷል!" አለ አጎቴ ከጎንደር። ከዚያ የአንበጣውን ጉዳይ ሊያስረዳን ጀመረ። ከየት እንደተነሳ፣ ምን እንደበላ። አጎቴን ማን ያቋርጣል?

በመጨረሻ ትንፋሽ ሲወስድ ቀደምኩትና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጨለማ!" አልኩ።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

ልጄ ጠረጴዛ ስር ገባ። እኔም አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ደንግጫለሁ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

"ይሄ እግዚአብሔር ነው ወይስ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። 40 ደቂቃው አልቆ ነው።"

እማዬ የሱቅ ማጻ፣ ያልቦካው የፋሲካ ቂጣ፣ አይጥማትም፤ ቂጣዋን ራሷ ነው የምትጋግረው። ትንሽ ዝም አለችና "ዱቄት ውሃ ከነካው በ18 ደቂቃ ቂጣው ተጋግሮ ይወጣል። አንተ በ40 ደቂቃ ከግብፅ ማውጣት አቃተህ?" አለችኝ።

"መልሼ ልክፈተው? አንድ መቅሰፍት ነው የቀረን።"

"ተወው፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ደሞስ የቀረው የበኩሩ አይደል? እንኳን ቀረብህ!"

ብላ ዘጋችው።