ፋይከስ ቦንሳይ፦ እስካሁን የደረስኩበትና መቀሱን ያሳረፍኩበት ምክንያት

እንዴት ናችሁ የቦንሳይ (ዛፍን ፖት ውስጥ በትንሹ የማሳደግ ጥበብ) ሰዎች፣ ፋይከሱ አሁን የት እንደደረሰ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የኔ ዛፍ ፋይከስ ማይክሮካርፓ ነው፣ የበለስ የዋርካና የሾላ ዘመድ፣ ቅጠሉ ትንሽ የሆነና ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚቆየው ዓይነት። ከታች በኩል ግንዱ ጥሩ ወፍሯል፣ ስሮቹም ዙሪያውን ተዘርግተዋል፣ ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ግን ገና ምንም አልተሠራም፣ ከኋላ በኩል ደሞ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ወጥቶ እንደፈለገ እየሄደ ነው። ያየው ሰው ሁሉ "ይሄን ነገር ለምን አትቆርጠውም?" ይለኛል። አልቆርጠውም፣ ገና ነው። ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ግንድ የሚወፍረው በቅጠል ነው። ቅጠሉ በብርሃን የሠራው ምግብ በቅርፊቱ ውስጥ ወደታች ይወርዳል፣ በሚያልፍበት ሁሉ አዲስ እንጨት ይጨመራል፣ ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ብዙ ቅጠል ከያዘ ከሱ በታች ያለው ግንድ በሙሉ ይወፍራል፣ ከሱ በላይ ያለው ግን ብዙም አይነካውም። ይሄ ከገባችሁ የቦንሳይ ግማሹ ገባችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው እርሳስ የምታክል ችግኝ ያገኝና በመጀመሪያው ቀን ቆንጆ ጠፍጣፋ ፖት ውስጥ ይተክላታል፣ ከዛ በየሳምንቱ ጫፍ ጫፏን ይከረክማታል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢያዩዋት ያቺው እርሳስ ናት። ትንሽ ፖት ስሩን ይይዘዋል፣ መቀሱ ቅጠሉን ይቀንሳል፣ ታዲያ በምን ይወፍር? ጠፍጣፋው ፖትና መቀሱ የሚመጡት ግንዱ ካለቀ በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ ሰፊ ፖት ወይም መሬት፣ ብዙ ብርሃን፣ ብዙ ማዳበሪያ፣ እና እጅን ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ።

ያ ረጅም ቅርንጫፍ እንግዲህ መስዋዕት ቅርንጫፍ የሚባለው ነው። ሥራው ግንዱን አወፍሮ መሄድ ብቻ ነው። የመረጥኩት ከታችና ከኋላ የወጣውን ነው፣ ሲቆረጥ ጠባሳው ከፊት እንዳይታይ። ውፍረቱ ይበቃኛል ባልኩ ጊዜ ይወድቃል።

መነሻው ከእናት ዛፍ የተቆረጠ ቁራጭ ነበር። ፋይከስ በዚህ በኩል የሚገርም ዛፍ ነው፣ ሌላው ዛፍ ላይ ቀጭን ቀንበጥ ተመርጦ ስንት ነገር ተደርጎለት ነው ስር የሚያወጣው፣ ፋይከስ ግን አውራ ጣት የሚያክል ወፍራም ቁራጭ እንኳን በሙቀት ጊዜ ስር ያወጣል። ከአንጓው ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ የሚወጣውን ነጭ ወተት በውሃ ማጠብ፣ ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ትቶ ሌላውን ማንሳት (ስር የሌለው ቁራጭ ያን ሁሉ ቅጠል ውሃ ማጠጣት ስለማይችል)፣ ከዛ እርጥበት ያለው ግን ውሃ የማይቋጥር ጠጠር ውስጥ ተክሎ ላዩን በላስቲክ መሸፈን። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ብዙ አይቆይም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ታችኛውን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ስሩ ዙሪያውን የመውጣት እድሉ ጥሩ ነው፣ ሰያፍ ከተቆረጠ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለው በኩል ይበዛል። ቦንሳይ ላይ ከግንዱ ስር ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሄደው ስር፣ ጃፓኖቹ ኔባሪ የሚሉት፣ ዛፉን ያረጀ የሚያስመስለው ዋናው ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ማሰብ ይሻላል።

እኔ ደሞ አንድ ቁራጭ ብቻ አልተከልኩም፣ ከአንድ እናት ዛፍ ብዙ ቁራጮች አስወጥቼ ስር ሲይዙ አንድ ላይ አስጠግቼ አሰርኳቸው። ፋይከስ ቅርፊቱ ተነካክቶ ሲወፍር ይዋሃዳል፣ ስሩም ከስር፣ ግንዱም ከግንድ። በዱር ያሉት ሌላ ዛፍ ላይ በቅለው ስራቸውን ወደ መሬት አውርደው ያንን ዛፍ እንደ መረብ የሚከቡት በዚሁ ጠባያቸው ነው። ከአንድ እናት መሆናቸው ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ከተለያየ ዛፍ ከሆነ የቅጠሉ መጠንና የቅርፊቱ ቀለም ይለያያል፣ ከተዋሃደ በኋላ አንዱ ጎን ሌላ ዛፍ ይመስላል። ማሰሪያው የሚለጠጥ ላስቲክ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሽቦ ከሆነ ይበላዋል። አሁን ከታች በኩል የት ጋ እንደተጋጠሙ ለማየት ይከብዳል፣ ከፍ ብሎ ግን አንድ ሁለት ቦታ መስመሩ አለ፣ ሲወፍር ይጠፋል ብዬ እጠብቃለሁ።

ስለ ዓይነቱ ትንሽ ልበል። በለስ የሚባለው ወገን በዓለም ላይ ከ800 በላይ ዝርያ አለው፣ ለቦንሳይ የሚመቸው ግን ጥቂቱ ነው። ማይክሮካርፓ ለጀማሪ የሚሻለው ነው ባይ ነኝ፣ ባዶ እንጨት ላይ እንኳን ስትቆርጡት አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ሳሊካሪያ የሚሉት ቅጠለ ቀጭኑ በጣም ያምራል፣ ቅርንጫፉም ቶሎ ይበዛል። ቤንጃሚና ቤት ውስጥ በብዛት ያለው ነው ግን ጠባዩ ያስቸግራል፣ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ላይ ከቆረጣችሁት ቅርንጫፉ እስከ ግንዱ ሊደርቅ ይችላል፣ ስለዚህ ሁሌ ጫፉ ላይ ቅጠል መተው ነው። የምንበላው በለስስ? ይሆናል፣ ግንዱ ቶሎ ያረጀ ይመስላል፣ ግን ቅጠሉ እጅ ያክላል፣ በብርድ ጊዜ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ቅጠሉን በዘዴ ብታሳንሱት እንኳን ፍሬው ያው መደበኛው መጠን ነው። ትንሽዬ ዛፍ ላይ ያ ሁሉ ፍሬ ተንጠልጥሎ ማየት ደስ የሚለው ሰው አለ፣ እኔ አይደለሁም። ጂንሰንግ እየተባለ የሚሸጠው ታች ድንች ድንች የሚለው ደሞ ያው ማይክሮካርፓ ነው፣ ከዘር ያደገ ያበጠ ስር ላይ ሌላ ቅጠለ ትንሽ ዓይነት ተዳቅሎበት ነው። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ለቁራጭ ተጠቀሙበት፣ ታችኛውን ዛፍ ለማስመሰል ግን ብዙ ባትደክሙ ይሻላል።

አፈር። የጓሮ አፈር ፖት ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይይዛል፣ ስር አየር ያጣል ከዛ ይበሰብሳል። እኔ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው የምጠቀመው፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነውን በወንፊት ለይቼ፣ ዱቄቱን አውጥቼ። ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም አካዳማ (ከጃፓን የሚመጣ የሸክላ ጠጠር) ያለው ሰው እሱን ይቀላቅል። እንደዚህ ዓይነት ጠጠር ውስጥ ውሃ ማብዛት ራሱ ይከብዳል፣ በተቃራኒው ማዳበሪያው ቶሎ ታጥቦ ስለሚወጣ በእድገት ጊዜ ቀጠን አድርጎ ቶሎ ቶሎ መስጠት ያስፈልጋል። ውሃ ግን በፕሮግራም አይጠጣም፣ "በሳምንት ስንቴ ላጠጣ" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ የእንጨት ስንጥር አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ አውጥታችሁ እዩት፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ሊደርቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠጡ። በቃ።

ፖት የምቀይረውና ስር የምከረክመው በሙቀት ወቅት ዛፉ እያደገ እያለ ነው። የብርድ አገር ዛፎችን የብርዱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው የሚቀይሯቸው፣ ፋይከስ የሞቃት አገር ዛፍ ስለሆነ በብርድ ብትነኩት ስሩን መልሶ ለመሥራት አቅም የለውም። ሲሶ ያህል ስር ቢነሳ ችግር የለውም፣ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ወደታች የሚወርደው ወፍራም ስር ነው፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት ይቀራሉ። ከስሩ በታች ጠፍጣፋ ሸክላ ወይም ንጣፍ አድርጌ ነው መልሼ የተከልኩት፣ ስሩ ወደታች መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ኔባሪው የተዘረጋው በዚህ ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ። ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደላይ እየቀጠነ መሄድ አለበት፣ ካልሆነ ምሰሶ ነው የሚመስለው። ይሄ የሚመጣው ግንዱን ዝቅ ብሎ ቆርጦ፣ ከቡቃያዎቹ አንዱን አዲስ ጫፍ አድርጎ እንደገና ማሳደግ፣ እሱም ሲወፍር ከፍ ብሎ መቁረጥ፣ እንደዛ እየደጋገሙ ነው። የመጀመሪያው መቆረጫ ከታሰበው ቁመት ሲሶ አካባቢ ቢሆን ይመከራል። ቁመት ደሞ የግንዱ ታችኛው ውፍረት ስድስት እጥፍ ገደማ ይባላል፣ ማለትም ከስር 5 ሴንቲሜትር ከሆነ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ሕግ አይደለም ግን ለመነሻ ይረዳል። የኔ ዋናው መቆረጥ አልቋል፣ አዲሱ ጫፍም ከተቆረጠው ጎን በደንብ ተያይዟል፣ ቁስሉን ከዙሪያው አዲስ ቅርፊት እየሸፈነው ነው።

እዚህ ላይ ፋይከስን የያዘ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ቅርንጫፍ እንዲወጣ ከተዋችሁት ያ ቦታ ያብጣል፣ ግንዱ ከታች ቀጭን ከላይ ወፍራም ይሆናል፣ ያንን ማስተካከል ደሞ ቆርጦ ከመጣል ውጭ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከአንድ አንጓ ሁለት ብቻ፣ ሌላው ገና ለጋ እያለ ይነሳል። ቅርንጫፎቹን ስከረክምም ስድስት ሰባት ቅጠል እስኪያወጡ እተዋቸውና ወደ ሁለት እመልሳቸዋለሁ፣ የመጨረሻው ቅጠል ያለበት ጎን ነው አዲሱ ቀንበጥ የሚሄድበት፣ ስለዚህ አቅጣጫ የምትመርጡት በመቀስ ነው።

ወተቱ! ልረሳው ነበር። ስትቆርጡት ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው፣ የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ደሞ ጓንት ማድረግ አለበት፣ ድመትና ውሻ ካለም ቁርጥራጩን አንሱት። ውሃ በስፕሬይ ስትረጩበት ቶሎ ያቆማል። መቀሱንም ሳይደርቅበት ጥረጉት።

ሽቦ፦ አልሙኒየም፣ የቅርንጫፉ ሲሶ የሚያክል ውፍረት፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ እያጋደሉ መጠምጠም። ለጋ ሳለ እንደፈለጋችሁ ይታጠፋል፣ እንጨት ሲሆን ግን ይሰነጠቃል። ከማሰሩ የሚከብደው መፍታቱ ነው፣ ፋይከስ በሙቀት ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወፍሮ ሽቦው ይገባበታል፣ ጠባሳውም ለዓመታት ይታያል። ስትፈቱት ደሞ መልሳችሁ አትጠምዝዙት፣ በመቁረጫ እየቆራረጣችሁ አንሱት፣ ሽቦ እንደሆነ ሞልቷል። ለወፈሩት ቅርንጫፎች እኔ ሽቦ አልጠመጥምም፣ በገመድ ወደ ፖቱ ጠርዝ ጎትቼ አስራለሁ።

ቅጠል ማሳነስን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አንስቶ አዲስ ትንንሽ ቅጠል እንዲያወጣ ማድረግ ይሠራል፣ ግን ጤነኛ ዛፍ ላይ፣ በሙቀት ወቅት፣ ፖት በተቀየረበት ጊዜ ሳይሆን፣ ደሞም ግንዱና ቅርንጫፉ ካለቀ በኋላ። ግንድ ማወፈር እየፈለጉ ቅጠል ማንሳት የሚጋጭ ነገር ነው። የቅጠሉን አንገት ትታችሁ ቁረጡት፣ እሱ ራሱ ደርቆ ይወድቃል፣ አንገቱ ግርጌ ያለው ቡቃያ አይጎዳም። ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ ስለማይጠጣ ያን ጊዜ እንደወትሮው ካጠጣችሁት ስሩ ይበሰብሳል፣ ብዙ ዛፍ የሚሞተው በቅጠሉ መነሳት ሳይሆን በዚህ ነው። በነገራችን ላይ ለትንሽ ቅጠል ከምንም በላይ የሚሠራው ብርሃን ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ፋይከስ ቅጠሉ ይሰፋል አንጓውም ይራራቃል፣ የፈለጋችሁትን ብትከረክሙት። ቦታ ስትቀይሩለት ቅጠል ካራገፈ ደሞ አትደንግጡ፣ አዲሱን ብርሃን እየለመደ ነው፣ ተዉት። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብቻ ወደ ውስጥ አስገቡት።

የአየር ስር፣ ማለትም ከግንዱ ወይም ከቅርንጫፉ ወጥቶ ወደታች የሚንጠለጠለው፣ ገና አንድ ፍሬ ነው ያለኝ። እሱ የሚወጣው እርጥበት ባለበት አየር ነው፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ብትጠብቁ ትጠብቃላችሁ። ከግንዱ የወጣችውን ቀጭን ስር የመጠጫ ቀሰም በቁመቱ ሰንጥቄ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ሞልቼ በሱ ውስጥ ወደ አፈሩ እያወረድኳት ነው። አፈር ከነካች በኋላ ትወፍራለች፣ ራሷንም ሳብ አድርጋ ቀጥ ትላለች፣ እስከዛ ግን ከደረቀች አለቀላት።

ቀጣዩ እቅድ መስዋዕት ቅርንጫፉን እንዲሁ ቆርጦ መጣል አይደለም፣ ከዛ በፊት ሌላ ዛፍ ላወጣበት ነው። ቅርፊቱን ዙሪያውን በቀለበት መልክ አነሳለሁ፣ የቀለበቱ ስፋት ከቅርንጫፉ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጠባብ ከሆነ ፋይከስ ድልድይ ሠርቶ ይዘጋዋል፣ ከስር ያለችውን አረንጓዴ ሽፋንም እስከ እንጨቱ መፋቅ ነው። ከዛ እርጥብ ሞስ፣ ከላዩ ላስቲክ፣ ከላይና ከታች ማሰር። ከላይ የሚመጣው ምግብ እዛ ላይ ይቆማል፣ ስር የሚወጣውም ከቀለበቱ ላይኛው ጠርዝ ነው፣ ስለዚህ ሞሱን በደንብ መጠቅጠቅ ያለበት እዛ ጋ ነው። ከቀለበቱ በታች ያለው ግንድ ግን ከዛ ቅርንጫፍ ምግብ ስለማይደርሰው መወፈሩ ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው አሁን ያልጀመርኩት። ታችኛው ግንድ ትንሽ ይቀረዋል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ካለ፣ ቀለበቱን ከግንዱ በጣም አስጠግታችሁ ነው የምትሠሩት ወይስ ራቅ አድርጋችሁ ጉቶ ትተዋላችሁ? እኔ ጉቶ ትቶ ቆይቶ መቁረጡ ይሻላል ወደሚለው አዘንብያለሁ፣ ቁስሉ አንዴ ብቻ ስለሚሆን።