ኢተያ ላይ የተነፈሰው ጎማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እግዚአብሔር በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ያደረገልኝን ሸሽጌ መኖር ስለማይገባኝ፣ በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአሰላ ወደ አዳማ ስመለስ የሆነውን እንደሆነው እመሰክራለሁ።

የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬም ሹፌርነት ነው። በዚያን ጊዜ የምይዘው አይሱዙ የጭነት መኪና ሲሆን፣ በመኸር ወራት ከአርሲ ገብስና ስንዴ ወደ አዳማ አመላልስ ነበር። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ መንገዱ ኢተያን ካለፈ በኋላ ወደ ዴራና ወደ አዋሽ መልካሳ እየወረደ ይመጣል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ ሹፌር ከእግዚአብሔር በታች ተስፋው ፍሬኑና ማርሹ ብቻ ነው።

ኅዳር እንደገባ መኪናው እንግዳ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፤ ፍሬን ስይዝ ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፍሬን እንደለቀቅሁ ብረት በብረት ሲፋቅ ለአንድ አፍታ ሰምቼ ወዲያው ጸጥ ይላል። ሦስት መካኒኮች ዘንድ ወሰድሁት። የመጀመሪያው ጭነቱን የሚሸከመው የባሌስትራ ድምፅ ነው ብሎ ግራሶ ቀባው፤ ሁለተኛው የፊት ኩሽኔታ ለወጠ፤ ሦስተኛው የፊት እግሮቹን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን፣ የፍሬን ሸራዎች አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳቸው። ማናቸውንም አልወቅስም፤ ድምፁ ከፊት ነው ብዬ ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ። ድምፅ በሻንሲው ብረት ተጉዞ ከሌላ ቦታ የመጣ እንደሚመስል ያኔ ልብ አላልሁም። ይባስ ብሎ እነርሱ ሲሞክሩት ድምፁ ጨርሶ አይሰማም ነበር። ባለንብረቱም ትዕግሥቱ አልቆ፣ ከእንግዲህ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሥራ ብታቆም ቁልፉን አስረክበህ ሂድ አለኝ።

ኅዳር 19 የወሩ ገብርኤል ነው። ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ኪዳን ካደረስሁ በኋላ እንዲህ ብዬ ተሳልሁ፦ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ መልአክ፣ እኔም የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ይህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አሳየኝ፤ ካሳየኸኝ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ መጥቼ ጥላ አስገባለሁ።»

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ አሰላ ላይ ገብስ ጭነን ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ከኢተያ ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን የኋላው ቀኝ የውጭ ጎማ ምስማር ገብቶበት ተነፈሰ። ምስክርነት ነውና ሳልሸሽግ ልናገር፤ ያን ጊዜ አጉረመረምሁ፤ መፍትሔ ለምኜ በችግሬ ላይ ችግር የተጨመረብኝ መሰለኝ። ቦታው ሜዳ ስለነበር ረዳቴ ለሌሎቹ ጎማዎች ድንጋይ አስደግፎ በክሪክ አነሣው። የውጩን ጎማ ካወጣን በኋላ፣ ምስማሩ የውስጡንም ነክቶት እንደሆነ ለማየት ማርሹን ፍሪ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁለትና ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞረው ጀመር። በታምቡሩ ውስጥ፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹ ከውስጥ በሚጫኑት ክብ ብረት ውስጥ፣ አንድ ነገር ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይወድቃል፤ «ቀጭ»፤ እንደገና ሲያዞረው «ቀጭ»።

ረዳቴ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ያ ድምፅ!» አለኝ። እጄ መንቀጥቀጡን አስታውሳለሁ።

የውስጡንም ጎማ አወጣን። ታምቡሩ ነክሶ አልወጣ ስላለን፣ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ብሎን አስገብተን አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያጠበቅን ገፍተን አወጣነው። ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ። ከላይኛው ሸራ እኩሌታው ከሪቬቶቹ ተገንጥሏል፤ የመዳፌን ያህል የሆነው ስባሪ ታምቡሩ ሥር ተኝቷል፤ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ሞላ ከመንጠቆው አንገት ላይ ተሰብሯል። ሸራው የተገነጠለበት ብረት ታምቡሩን እየፋቀ የሠራውን ቦይ በጣቴ ዳሰስሁት።

ፍሬን ስይዝ ድምፁ የሚጠፋው ስባሪው ተጨፍልቆ ስለሚያዝ ነበር፤ ስለቅ ደግሞ ይንከላወሳል። ከኢተያ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ያ ስባሪ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ተሰንቅሮ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ጭነት እግሩ ድንገት ይቆለፍ ነበር።

አልወረድንም፤ እዚያው አደርን። በማግሥቱ ባለንብረቱ መካኒክ ይዞ መጣ። አንድ ወገን ብቻ ቢታደስ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ስለሚስብ፣ የሁለቱም የኋላ እግሮች ሸራና ሞላ ተለወጠ፤ ታምቡሮቹም በሚኒባስ ተጭነው አዳማ ቶርኖ (የብረት መላጫ) ቤት ተላጭተው ተመለሱ። ባለንብረቱ የተሰበረውን ሞላ በእጁ እያገላበጠ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ ወጪውንም በሙሉ ሸፈነ። እስከ አዳማ አዲሱ ሸራ እንዲለምድ በዝግታ፣ በከባድ ማርሽ ወረድሁ፤ በየጊዜውም ጆሮዬን አቀና ነበር፤ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ታኅሣሥ 19 ከረዳቴ ጋር ቁልቢ ገብተን ጥላውን አስገባሁ። ሞላውን በኪሴ ይዤው ነበር። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።